ጉድ የሠራኝ ጫማ!

ሥራ ከፈታሁ አራተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ድሬዳዋ ላይ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ከሙቀቱም ይብሳል። ታዲያ ከዚራ ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴትዮ “ማፊን የሚሉትን ትንንሽ ኬክ ብታመጪልኝ በቀን ሁለት ደርዘን እወስዳለሁ” አለችኝ። ኬክ ጋግሬ አላውቅም። ሮጥ ብዬ ታይዋን ገበያ ሄድኩና በካርቶን የታሸገ የኬክ ዱቄት ገዛሁ። እንቁላል፣ ዘይትና ውሃ ጨምሮ መጋገር ነው፤ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል።

አቦ፣ አለው! ኬኬ ኦቭን ውስጥ እንደ ጉድ ይነፋና መሃሉ ስርጉድ ይላል። ሴትዮዋ “ይሄ ኬክ ነው ወይስ የስኒ ማስቀመጫ?” ብላ ሳቀችብኝ። አንዷ ጓደኛዬ “ውሃውን በወተት፣ ዘይቱን በቅቤ ቀይሪው” አለችኝ። ጣዕሙ እውነትም ተለወጠ፤ እኔ ግን ቅቤውን አብዝቼው ኖሮ ስርጉዱ ባሰበት። “እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ይቅርብኝ” አለች ሴትዮዋ። የቤት ኪራዬ ደግሞ ሰኞ ነው የሚከፈለው!

ያዳነኝ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ወንድሜ ነው። ካርቶኑን አገላብጦ “ከ3,500 ጫማ በላይ ከሆንሽ አሠራሩ ሌላ ነው ይላል” አለኝ።

“የምን ጫማ? ኬክ ነው የምጋግረው!” ብዬ ጮህኩበት።

ለካ የከፍታ ነገር ነው። 3,500 ጫማ 1,070 ሜትር ገደማ ሲሆን ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እኛ ቆላ ነን እያልን! (አዲስ አበባ ያላችሁማ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ ይብስባችኋል።) ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል፤ ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር የተነፋ ስለሆነ ተመልሶ ይወድቃል።

ቅቤውን ቀንሼ ለአንድ ካርቶን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄትና ትንሽ ወተት ጨመርኩ። ማደባለቂያውን ትቼ ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ በማንኪያ አማሰልኩት፤ ብዙ ከተመታ ይጠነክራል። ቅርጹን ሁለት ሦስተኛ ሞልቼ፣ ሳላቆይ፣ ቀድሞ ወደ ጋለ ኦቭን! 180 ዲግሪ የሚለውን 190 አደረግኩት።

ቅዳሜ 24ቱም ከስምንት ሰዓት በፊት አለቁ። ሴትዮዋ “እጅሽ ይባረክ! ከምን ከምን ነው የምትሠሪው?” ስትለኝ “የአያቴ ሙያ ነው” አልኳት። ወይ እኔ! ካርቶኖቹን እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ነው የምደብቃቸው። አሁን ደግሞ “ልጄን አስተምሪልኝ” ብላ በሚመጣው ሳምንት ቤቴ ልትልክብኝ ነው። ልንገራት ወይስ አልጋውን ልቀይር?