በሁለት ጉዞ መካከል አንድ ቀን፦ ከጣና ዳር እስከ ጋይንት

ሠራተኛ የሆነች እናት የዓመት ፈቃድ ባገኘች ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቧ የሚመጣው በርበሬ ማስፈጨት፣ ጓዳ ማጽዳትና ሳይጠየቅ የቆየ ዘመድ መጠየቅ እንጂ ሽርሽር አለመሆኑ የታወቀ ነው። እኔም በ2010 ዓ.ም. በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለት ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ለሽርሽር አልነበረም። የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ታች ጋይንት ነው። ትልቋ ልጄ አሥራ አንድ፣ ትንሹ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ሳለ አያታቸውን የሚያውቋቸው በፎቶግራፍና በስልክ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ ልጆቹን ይዤ ብቻዬን ለመጓዝ ቆረጥሁ።

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥተን የዓባይን በረሃ ወረድን። ድልድዩን ስንሻገር ሙቀቱ አይሎ ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ። ከታች የሚታየው ወንዝ በዚያ በበጋ ወራት እንኳ ሰፊ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባን። ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው አውቶቡስ ለማግሥቱ ወንበሩ ሞልቶ ስለ ነበር አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ግድ ሆነብን።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው አልጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሰዓት መቁጠር ነው። እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ሲሄዱ አይተው የማያውቁትን ውኃ አዩ። ጣና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ማዶው አይታይም። ትንሹ ልጄ «ባሕር ይኼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የጀልባውን ዋጋ ስጠይቅ ግን ልቤ ተከፈለ። በቦርሳዬ ውስጥ ለአማቴ ጋቢ መግዣ ብዬ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ነበር። ጀልባውን ከከፈልሁ የሚተርፈው ለነጠላ ብቻ ነው። ጥቂት ካመነታሁ በኋላ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተጋርተን ተሳፈርን።

በመንገዳችን ላይ የክብራን ገብርኤልን ገዳም ከሩቅ አየነው። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ስለማይገቡ አላረፍንበትም። ትልቋ ልጄ «ወንድሜ ብቻ ይገባል ማለት ነው?» ብላ ጥቂት አኮረፈች። ደግነቱ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችንም ይቀበላል። ከጀልባ ወርደን በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ወጣንና የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች ሁላችንም አብረን አየን።

በዘጌ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ጫካው ነው። ያስጎበኘን ሰው እንደ ነገረን በዘጌ ከጥንት በቆየ ሥርዓት መሬት በበሬ አይታረስም። ሕዝቡ የሚተዳደረው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡናና በፍራፍሬ ነው። በዚህ የተነሣ ዛፉ ሳይቆረጥ፣ አፈሩም ሳይታጠብ ኖሯል።

ስንመለስ ጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሥፍራ ወሰደን። ደንገል በዳርና በዳሩ በቅሏል፤ ዓሣ አጥማጆችም ከዚሁ ደንገል በተሠራ ታንኳ ይመላለሳሉ። ወንዙ ዝም ብሎ፣ የሚሄድ እንኳ ሳይመስል ይወጣል። ልጆቹ ትናንት በበረሃው ድልድይ ላይ ያዩት ወንዝ ይኸው መሆኑን ስነግራቸው አላመኑኝም። ትንሹ የውኃ ጠርሙሱን አቀበለኝና «ለእምዬ እንውሰድላት» ስላለኝ ሞላሁለት። ምሳችንን ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰውልን በላን፤ ማታም ከገበያ አንድ ነጠላ ገዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ጉዞ ወደ ጋይንት ሆነ። ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐሙሲት በኋላ የጉማራን ወንዝ ተሻግረን በፎገራ ሜዳ የሩዙን ማሳ እያየን ወረታ ደረስን። ከዚያ በቻይናውያን እርዳታ የተሠራውን የወልድያን መንገድ ይዘን በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ዛሬ አውቶቡስ በሰዓታት የሚጨርሰውን መንገድ ያን ጊዜ ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ገደል እየቆፈረ ያለፈው በወራት ነው።

ከደብረ ታቦር በኋላ ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በቀኝ በኩል ታየን። ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አልፈን ነፋስ መውጫ ስንደርስ የከተማይቱ ስም ከየት እንደ መጣ ማንም ሳይነግረን ገባን። ነፋሱ ይቆርጣል። በዋዜማው በሐይቁ ዳር ባዶ ክንዳቸውን የዋሉት ልጆች ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሹራባቸው አውቶቡሱ ጣራ ላይ በታሰረው ሻንጣ ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለኝ በራሴ አፈርሁ።

ከዚያ በሌላ መኪና ወደ ታች ጋይንት ወርደን በምሽት አማቴ ቤት ደረስን። ልጆቹን አቅፈው ለብዙ ጊዜ አለቀቋቸውም። ነጠላውን ስሰጣቸው መረቁኝ፤ እኔ ግን በላያቸው ላይ ያለውን የሳሳ ጋቢ አይቼ አንገቴን ደፋሁ። ገንዘቡን በጀልባ እንዳጠፋሁት ከመናገሬ በፊት ትንሹ ልጄ ጠርሙሱን አውጥቶ ሰጣቸው።

«እምዬ፣ የጣና ውኃ ነው። ከዚህ ከአንቺ አገር የሄደ ነው አይደል?» አላቸው።

አማቴ ጠርሙሱን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ከዚያም «የለም ልጄ፣ የእኛ ውኃ ጣናን አያውቀውም። ወደ በሽሎ ነው የሚወርደው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈራችንን እየጠረገ፣ ዘሩን ሳይቀር ይዞት ይሄዳል» አሉት። ያን ዕለት ማታ ልጆቹ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ታንኳው፣ ስለማይታረሰው የዘጌ መሬት ሲያወሩላቸው አመሹ። ጣና በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለ እርሳቸው በዕድሜያቸው አይተውት አያውቁም። «የማይታረስ አገር አለ እንዴ?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር።

በማግሥቱ ማሳቸውን አሳዩን። በዳገቱ ላይ በድንጋይ የተካበ እርከን አለ። እርከን ያለበት ቦታ አፈሩ ጥቁር ሲሆን፣ የሌለበት ግን ድንጋዩ አግጥጧል። በጎረቤት ያሉ አንድ መምህር የውኃውን መንገድ አስረዱን። የጉና ምዕራባዊ ውኃ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይወርዳል። የታች ጋይንት ደግሞ ወደ በሽሎ ይገባል። ከጣና የወጣው ዓባይ በእስቴና በስማዳ ግርጌ በጥልቅ ሸለቆ ዞሮ ይመጣና በሽሎን ይቀበላል። ስለዚህ ከአንድ ተራራ ግራና ቀኝ የተለያዩት ውኃዎች በመጨረሻ እዚያ ይገናኛሉ ማለት ነው። በሁለቱም በኩል አፈሩ አብሮ ይሄዳል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው የእምቦጭ አረምም የሚመገበው ወንዞቹ ከእርሻው አጥበው ከሚያመጡት ነገር ነው።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት የምትሄዱ እናቶች በመካከል የምትገኘውን ቀን እንደ ባከነች አትቁጠሯት። ልጆቼ ሐይቁን ባያዩ ኖሮ ለአያታቸው የሚነግሩት፣ ከአያታቸውም የሚጠይቁት ነገር ባልነበራቸው ነበር። ጥቂት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈር በፊት መስማማትና ተንሳፋፊ ሰደርያ ለልጆቹ መጠየቅ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በጠዋት መሄድ ይሻላል። በሐይቁ ዳር የቢልሃርዝያ በሽታ ስላለ ልጆች ውኃ ውስጥ ገብተው እንዳይንቦጫረቁ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሹራብ በእጅ እንጂ በመኪና ጣራ ላይ አይሁን። ከሁሉም በላይ የስጦታውንና የጉብኝቱን ገንዘብ አስቀድሞ ለየብቻ መያዝ ነው። እኔ ይህን ባለማድረጌ ጋቢው ለአማቴ የደረሳቸው ለፋሲካ ነው።

ስንመለስ የዓባይን በረሃ ድልድይ ዳግመኛ ተሻገርን። ትልቋ ልጄ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ትንሹ ግን ፊቱን በመስኮቱ ላይ ለጥፎ ወደ ታች እያየ «እማ፣ አሁን የእምዬም ውኃ እዚህ ውስጥ አለ አይደል?» አለኝ።

አለ፣ አልሁት። አፈሯም አብሮ አለ።