በሌሉ ፈረሶች ላይ ስንወራረድ

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈርተናል። ከፍርሃታችን ይልቅ ግን ዛሬም በስልኩ ላይ አጎንብሶ ትኬት የሚቆርጠው ወንድማችን ስላሳሰበን ጻፍነው።

እኛ ሦስት ነን። በገንዳ ውሃ በአንዲት ትንሽ አጥቢያ በዘማሪዎች ኅብረት አብረን ያደግን፣ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ጓደኛሞች ነን። አገራችንን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው የቆላው ኑሮ የሰሊጥ ኑሮ ነው። ክረምት ሲወጣ ከደጋው ሳሉጉ በብዛት ይወርዳል፤ ሰሊጥ ያጭዳል፣ ከዚያ ማሽላ ይቆርጣል፣ ጥጥ ይለቅማል። ወባው፣ ካላዛሩ፣ የቀኑ ሙቀት ሳይበግረው የቤተሰቡን የዓመት ወጪ ከዚህ ይዞ ለመመለስ ይለፋል።

ከእነዚህ አንዱን «አያ» ብለን ነበር የምንጠራው። ዕድሜው ከአባቶቻችን አያንስም። እርሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ጾሙን የሚጾም፣ ጸሎቱን የማያስታጉል ሰው። ከሰሊጥ አጨዳው ያገኘውን 14,000 ብር በጥቅምት ወር ይዞ መጥቶ «ልጆቼ፣ ማሽላው እስኪያልቅ ይህቺን አስቀምጡልኝ። ይዤው በረሃ አልገባም። ጴንጤ አይጠጣም፣ የሰውም አይነካም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለን። ደስ አለን። እንዲያውም «የወንጌል በር ተከፈተ» ብለን ጸልየን ነበር።

ያኔ ግን ውርርድ ከጀመርን ወራት ሆኖን ነበር። አጀማመራችን በ20 ብር ነው። ቅዳሜ የእንግሊዝ ጨዋታ ሲኖር አሥር ጨዋታ ደርድረን አንድ ትኬት እንቆርጣለን። አንዴ ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ቀረን፤ «ለጥቂት ነው» አልን። ቆይቶ ነው ሂሳቡ የገባን። እያንዳንዱ ጨዋታ ከመቶ 60 የመግባት ዕድል ቢኖረው እንኳ፣ አሥሩም አብረው የመግባታቸው ዕድል ከሺህ ስድስት ብቻ ነው። «ለጥቂት» የመሰለን ነገር በጣም ሩቅ ነበር።

አንድ ቀን 2,300 ብር በላን። በማግሥቱ እሁድ 230 ብር አሥራት አወጣን። አሁን ስናስበው ፊታችን ይቀላል። እግዚአብሔርን አስረኛውን ሰጥተነው ዘጠኙን እንዲያጸድቅልን ፈልገን ነበር።

ጨዋታ በሌለበት ቀን ደግሞ ፈረሶቹ አሉ። በውርርድ ቤቱ ስክሪን ላይ፣ በስልክም ላይ፣ በየጥቂት ደቂቃው ስድስት ፈረሶች ይሮጣሉ። ሥጋ የለበሰ ፈረስ አይደሉም፤ ኮምፒውተር የሚስላቸው ናቸው። እኛ ግን ደብተር ገዛን። ቁጥር 4 ዛሬ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ቁጥር 2 ከተሸነፈ በኋላ ስንተኛ ይወጣል እያልን እየጻፍን እስከ እኩለ ሌሊት አጠናን። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ያልገዛነውን ደብተር ለእነርሱ ገዛንላቸው።

በእውነተኛው ፈረስ እሽቅድምድም ጥናት ትርጉም አለው። በውጭው ዓለም ፈረሱ ባለፉት ውድድሮች እንዴት ሮጠ፣ ማን ይጋልበዋል፣ ሜዳው ረጥቧል ወይስ ደርቋል ብለው ይመረምራሉ። በአንዳንድ ውድድር ጎበዙ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ ይሮጣል፤ ይህም ደካማው እንዲደርስበት ነው። የእኛ ፈረሶች ግን እግር የላቸውም፣ አይደክሙም፣ ትናንትን አያስታውሱም። አሸናፊውን የሚመርጠው በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ያጠናነው የሌለ ነገርን ነበር።

የምንኖርበትንም ምድር አስቡት። መተማ ዮሐንስ በስሙ የተጠራችለት ንጉሥ፣ በመጋቢት 1881 በዚሁ ምድር የወደቀው አፄ ዮሐንስ፣ በፈረስ ስሙ «አባ በዝብዝ» ይባል ነበር። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ነበሩ። በአዊ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኞች ተሸልመው ይወጣሉ፤ አድዋ የዘመቱ ፈረሶችን ውለታ ያስባሉ። የእነዚህ ሰዎች ልጆች የሆንን እኛ «ቁጥር 4፣ ቁጥር 4!» እያልን ለጥላ እንጮህ ነበር።

ጥላው ብቻ ሳይሆን ዋጋውም የተሠራው እንድንሸነፍ ነው። ለምሳሌ የስድስቱ ፈረሶች ኦድ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8 እና 9 ነው እንበል። የትኛውም ቢወጣ 100 ብር እንድናገኝ ስድስቱንም ብንገዛ 118 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ እንከፍላለን። ያቺ 18 ብር ከምናምን የቤቱ ናት። ፈረሱ ቢለዋወጥም እርሷ አትለወጥም። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ጆሴፍ ኦለር የተባለ ሰው የተወራራጆችን ገንዘብ አንድ ላይ ሰብስቦ ለአሸናፊዎች የማካፈልን ዘዴ ሲጀምር እንኳ የአዘጋጁ ድርሻ የሚነሣው ከክፍፍሉ በፊት ነበር። ቤቱ አይወራረድም፤ የሚወራረዱት ደንበኞቹ ናቸው።

በኅዳር ወር የራሳችን ብር አለቀ። ከአያ ብር 500 አነሣን፤ «ነገ እንመልሳለን» ብለን። 500ውን ለመመለስ 1,000 አነሣን። 1,000ውን ለመመለስ 2,000። በሦስት ሳምንት 9,400 ብር ሄደ። በእነዚያ ሳምንታት እሁድ መድረክ ላይ ቆመን ዘምረናል። ማንም አላወቀብንም። እኛ ግን አፋችን ሲዘምር ልባችን ኦድ ይቆጥር ነበር።

በመጨረሻ ሦስታችንም ተንበርክከን አለቀስን፤ ንስሐ ገባን። ቀለል አለን። በዚህ ቀለል ባለው ልባችን ወደ አንድ ሽማግሌያችን ሄደን ተናዘዝን፣ ጌታም ይቅር እንዳለን ነገርናቸው። ጋሼ አልተቆጡም። ዝም ብለው ሰሙንና አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «ሰውየው ያውቃል?»

አላወቀም ነበር። ጌታ ኢየሱስ መባህን ይዘህ ሳለ ወንድምህ እንደተቀየመብህ ብታስታውስ መባውን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ያለበትን ክፍል (ማቴ. 5፥23-24) ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! እኛ ግን መባውን አቅርበን፣ ተባርከን፣ ወንድማችንን ረስተን ልንሄድ ነበር። ዘኬዎስም መዳኑን ያሳየው የወሰደውን ለመመለስ በመቆሙ ነው (ሉቃ. 19፥8)።

ሁለት ስልክ ሸጥን። ከዚያ ማሽላ ቆረጣ ወጣን። እጃችን ተላጠ፤ አያ እንዴት እንዳገኘው ያንን ብር ያኔ ገባን። እያንዳንዱ መቶ ብር ጀርባ ነበረው። በዚህ ሁሉ 5,000 ብር አገኘን። የቀረውን 4,600 ጨምረን 9,600 ይዘን በታኅሣሥ አያን ጠበቅነው።

ሲመጣ ቡና አፍልተን አስቀመጥነውና ሁሉንም ነገርነው። ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ብሩስ ይሁን፤ ብር ይገኛል። እኔ ግን ለጓዶቼ ‹እነዚያ ልጆች አይነኩም› ብዬ ምዬላችሁ ነበር።» ሌላ ቃል አልጨመረም። 9,600ውን ቆጥሮ ያዘ፤ ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ። የቀረውን 4,400 እስከ ፋሲካ ድረስ በሦስት ጊዜ በባንክ ላክንለት።

አንዳንድ ወንድሞች «ዕጣ በመጽሐፍ ቅዱስ አለ አይደል?» ይላሉ። አለ። ሐዋርያት በጸሎት ዕጣ ጥለው ማትያስን ቈጠሩ (ሐዋ. 1፥26)፤ ፈቃዱን ለማወቅ እንጂ የማንንም ኪስ ለማራገፍ አልነበረም። ሌላም ዕጣ አለ። ጌታችን በመስቀል ላይ ሲሞት ወታደሮቹ ከእግሩ ሥር ሆነው በልብሱ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ (ዮሐ. 19፥24)። ዓለምን የሚያድን ደም ከአጠገባቸው ሲፈስስ ዓይናቸው እጀ ጠባቡ ላይ ነበር። እኛም በመድረኩ ላይ ሆነን እንዲሁ ነበርን። ጳውሎስ የሰረቀ ሰው በእጁ ይሥራ ሲል ምክንያቱን ያክላል፤ ለሚያስፈልገው የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው (ኤፌ. 4፥28)። በላብ የመጣ ብር ለሌላው ይተርፋል። በውርርድ የሚበላው ብር ግን ምንጊዜም የሌላ ሰው ኪሳራ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የአንድ ሳሉግ ልጆች ደብተርና ጫማ ይኖርበታል።

በዚህ ነገር ለተያዛችሁ የረዳንን እንንገራችሁ። መተግበሪያውን ከስልካችን አጠፋን፤ ገቢና ወጪያችንንም በየሳምንቱ ለጋሼ እናሳያለን። ያፍራል፤ ግን ይጠብቃል። ብቻችሁን አትታገሉ፤ ለአንድ የታመነ ሰው ዛሬውኑ ተናገሩ። ዕዳ ካለባችሁ በውርርድ ልትከፍሉት አትሞክሩ። ጸሎትን አስቀድሙ፤ ከጸሎት ስትነሡ ግን ወደ በደላችሁት ሰው ሂዱ።

በቀጣዩ ዓመት ሰሊጡ ሲደርስ አያ ተመልሶ ወረደ። ብሩን ባንክ አስገባ። አላዘንንም፤ ልክ ነው። ግን አንድ እሁድ ማታ በራችንን አንኳኳና «ያን ጊዜ ቡናዬን ሳልጨርስ ነበር የሄድኩት» ብሎ ገባ። ሦስተኛውን ጠጥቶ ነው የተነሣው።

ጌታ ሆይ፣ ዓይናችንን ከጥላው መልስልን። የዕለት እንጀራችንን ከእጃችን ሥራ ባርክልን፤ በእኛ ምክንያት ስምህ የተነቀፈበትንም ሰው ልብ አንተ ጠግን። አሜን።