ፋኑ ዞረ ማለት ፓወሩ ደህና ነው ማለት አይደለም

ዛሬ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ ነው።

በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ከፍቶ በእሷ ነው የሚተዳደረው። "ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ድርግም ይላል" አለኝ።

ሄድኩ። ፓወር ሰፕላዩን ነቅዬ፣ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ያስተማርኳችሁን ሙከራ ሠራሁ። የትልቁን ሶኬት አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ክሊፕ አገናኘሁት። ፋኑ ዞረ። "ፓወሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው ማዘርቦርድህ ነው" ብዬ ፈረድኩ። ልጁ አምኖኝ ተበድሮ ያገለገለ ማዘርቦርድ ገዛ። ገጠምንለት። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ድርግም!

በጣም አፈርኩ። በማግስቱ መልቲሜትር ይዤ ተመለስኩ። ፓወሩ ብቻውን ሲለካ ቢጫው ሽቦ 12.1 ቮልት ይሰጣል፤ እንከን የለውም። ኮምፒውተሩ ላይ ተገጥሞ ሥራ ሲበዛበት ግን 10.9 ገባ። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ባዶ አይሱዙ ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ጭነት ይዞ ዳገት ይወጣል አይባልም አይደል? ይኸም እንደዚያው ነው።

የባሰው ደግሞ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። በትልቁ "500 ዋት" ይላል። ታች በትንንሽ ፊደል ግን የ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፒር ብቻ ነው። 12 ሲባዛ በ16፣ 192 ዋት። ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚመገበው ከዚህ መስመር ነው። ቮልት ሲባዛ በአምፒር ዋት እንደሚሆን የማስተምረው እኔው፣ ወረቀቷን ገልብጬ አላየኋትም።

ስለዚህ ከእኔ የተማራችሁ፣ በተለይ ጥገና እንጀራችሁ የሆነ፣ ደብተራችሁን አርሙልኝ። የክሊፑ ሙከራ ፓወሩ ጨርሶ መሞት አለመሞቱን እንጂ ጤንነቱን አይነግራችሁም። ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ ትርፍ ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ላይ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ቀዩን የመልቲሜትር ጫፍ ከቢጫው አድርጋችሁ ለኩ። ስትገዙ ዋቱን ሳይሆን የ12 ቮልቱን አምፒር አንብቡ። ሳጥኑን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይይዛሉ።

ፓወሩ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ዳነ። የማዘርቦርዱን ዋጋ ልክፈል ብለው "ይተዉት ቲቸር" አለኝ። አልተውኩትም። ደሞዝ ሲገባ ግማሹን፣ በቀጣዩ ወር ቀሪውን እከፍለዋለሁ። እዚህ የጻፍኩትም እንዳልረሳው ነው።