ረጅም ዝምታ፣ አጭር ዜማ
(ከተሞክሮዬ)

ለዓመታት ለፒያኖ አዲስ ዜማ ሳልደርስ ኖሬያለሁ። ማስተማሩ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ መብራት ጠፋ። ምክንያት መደርደር አይቸግርም። ዘንድሮ ግን እዚሁ ዋግ ኽምራ አምደወርቅ፣ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ አንዲት አጭር ድርሰት ጨረስኩ። ሙዚቃ ሞክራችሁ ለተዋችሁ ሁሉ በመንገዱ ላይ የገቡኝን ነገሮች ላካፍላችሁ።

ካቆሙበት ለመቀጠል አለመሞከር። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ ካይሮ ሄደውም ቀኑን ሙሉ ሲለማመዱ የሚውሉ ተማሪ ነበሩ። ይህን ሁሉ ትተው መነኑ፤ ፒያኖ በሌለበት በግሸን አምባ ላይ በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ወደ ሙዚቃው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ያሳተሙትን ሸክላ ያዳመጠ ሰው፣ የካይሮዋን ተማሪ ብቻዋን አያገኛትም። ማኅሌቱም ትዝታውም አብረው ገብተዋል፤ ምቱ እንደ ዜማ እስትንፋስ ይረዝማል፣ ያጥራል። ግሸን ከእኛ ከዋጎች ሩቅ አይደለም፤ ያው ወሎ ነው። የእሳቸው ዝምታ ጸሎት ነበር፣ የእኔ ድካም ነው፤ ልነጻጸር አይዳዳኝም። ግን ከእሳቸው አንድ ጥያቄ ወሰድኩ፦ በዝምታው ዓመታት ጆሮዬ ምን ሲሰማ ኖረ? መልሱ አላስቸገረኝም። የልጃገረዶች በዓል የሆነው የሻደይ ዜማ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ልጃገረዶች ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ እሰማለሁ። የቀድሞ የኖታ ደብተሬን ዘጋሁና ከዚያ ጀመርኩ።

እጅን ሥራ አለማስፈታት። በዚህ በኩል የኪቦርድ ተጫዋቹ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸው ግን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አዲስ አልበማቸውን ሲያወጡ፣ የመጨረሻው ሥራ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በፒያኖ ብቻ የተጫወቱት ነው። አዲስ ሐሳብ በአንድ ሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ጣት ግን አይመጣም። ለዚህ ነው እኔም መጀመሪያ ላይ ምንም ሳልደርስ ቅኝት ብቻ በዝግታ ወጣ ወረድ ስል የሰነበትኩት።

ራስን ማጥበብ። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ የእኔ ኪቦርድ 61። የታችኞቹ ወፍራም ድምፆች የሉኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አማርር ነበር፤ አሁን ጠቀመኝ። ጭራሽ ምርጫዬን ይበልጥ አጥብቤ በአምባሰል ቅኝት ብቻ ልሥራ አልኩ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አምስት ድምፅ ይዞ የሚቀመጥ ሰው የሚያመልጥበት ቦታ የለውም፤ ወይ ዜማ ይወጣዋል ወይ አይወጣውም። መሃል ላይ ስሰለች ሶሏን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላ ፍላቷን ግማሽ ድምፅ ከፍ አደረግሁ። በሁለት ጣት ፈቀቅታ አንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ ገባሁ ማለት ነው። የድርሰቱ ሁለተኛ ክፍል የተወለደው እንዲህ ነው። እንደኔ እንደኔ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ትልቅ ሥራ አስባለሁ የሚል ሰው ሳይጀምር ደክሞታል።

ፒያኖን ማሲንቆ ሁን ብሎ አለማስጨነቅ። የማሲንቆ ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ይንሸራተታል፤ ፒያኖ እዚያ መግባት አይችልም። የሚችለው ዋናውን ድምፅ ከመምታቱ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ማለፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ከያሬድ ምልክቶች ርክርክን ያስታውስ፤ ከዚያ ብዙ ይማራል። እማሆይ ይህን ጥበብ በራሳቸው መንገድ ያውቁበት ነበር፤ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም በራሱ መንገድ ያውቅበታል።

ኖታ ለማያነብ ማሰማት። የሙያ ባልደረባ ጨዋነት ያሸንፈውና «ጥሩ ነው» ይላል። እኔ ያሰማሁት ጎረቤቴ ለሆኑ አንዲት እናት ነው። በልጃገረድነታቸው ሻደይ ያወጡ ነበር። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ዜማውስ የኛው ነው፤ እግሩ የታለ?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ሂስ ትምህርት ቤት እንኳ አልሰማሁም። ግራ እጄ እስከዚያ ድረስ ሰፊ ኮርድ ይዞ ቆሞ ነበር። ኮርዱን አውጥቼ ዶና ሶል ብቻ እንደ ከበሮ እንዲረግጡ አደረግሁ። አንቺ ሆዬው ላይ ሲደርስ ሶሏ ከቀኝ እጅ ጋር ስለምትጋጭ ዶ ብቻዋን ትረግጣለች፤ ያ ቦታ ባዶ ባዶ ይላል፣ ግን ወደድኩት።

የቀረው ቀላል ነው። ስልክ ላይ ቅረጹ፣ ኖታውን በኋላ ጻፉ። መብራት ሲጠፋም ባትሪ አለ።

ለአካባቢዬ ለደሃናና ለሰቆጣ ወጣቶች ግን አንድ ልመና አለኝ። እኔ ድርሰቴን ስሠራ መነሻ ያደረግኳቸው የሻደይ ዜማዎች በጆሮዬ የቀሩት ብቻ ናቸው፤ ግጥሙና አወጣጡ ደግሞ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። በአማርኛም በኽምጣኛም የሚዘፍኑ እናቶች ዛሬም በየቤታችሁ አሉ። በመጪው ነሐሴ ስልካችሁን አውጡና ቅረጿቸው፤ የቀበሌውን ስምና ዓመቱን መጀመሪያው ላይ በድምፃችሁ ተናገሩ።