ቦይለሩ ይፍሰስ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

መቼም ጋይንት ደርሶ የተመለሰ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ንፋስ መውጫ ስሟን እንዲያው አላገኘችም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከወረታ ተነሥታችሁ፣ ደብረ ታቦርን አልፋችሁ፣ የጉናን ተራራ ጎን ጎኑን እየታከካችሁ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ስትጓዙ አንድ መስኮት ክፍት የቀረ እንደሆነ ተሳፋሪው ሁሉ ተባብሮ መስኮት የከፈተውን ይሳደባል።

ብርዱን ያነሣሁት ላማርር ብዬ አይደለም። ስለ ውሃ ማሞቂያ፣ በእኛው አነጋገር ስለ ቦይለር ላጫውታችሁ ነው። «ጋይንትንና ቦይለርን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ታገሱኝ።

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ጥምቀትን ለማክበር አክስቴ ዘንድ ሄጃለሁ። አክስቴ ባለቤታቸው ሲሞቱ ቆብ ስለ ደፉ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ማታ ላይ ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም ውስጧ ያለ ትልቅ ቤት መሳይ መኪና ይዘው መጡና አስፈቅደው ከእማሆይ አጥር ሥር አደሩ። ታዲያላችሁ ሊነጋጋ ሲል እማሆይ ብርድ ልብሴን ገፈው፣

«አንተ ልጅ፣ ተነሥ! የፈረንጆቹ መኪና እየፈሰሰች ነው!» አሉኝ።

ወጥቼ ሳይ ሣሩ አመዳይ ለብሷል፤ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ውሃ ይንዶለዶላል። ጎረቤቱ ነዳጅ መስሎት ርቆ ቆሟል። እማሆይ ግን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አሸተቱና «ውሃ ነው እኮ!» ብለው ባልዲያቸውን ደገኑበት። ግማሹ ቀድሞ መሬት ጠጥቶት ነበር። የቀረውን ለበጎቹ አጠጡት።

ፈረንጁ ተነሥቶ ሲያስረዳን፣ መኪናዋ ውስጥ 10 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ቦይለር አለች። ቅዝቃዜው ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ማንም ሳይነካው ራሱ ተከፍቶ ውሃውን የሚያፈስ ቫልቭ አላት። በእነሱ አገር ክረምት ከባድ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከአንድ ጉዞ እስከ ሌላው ጉዞ ቦይለሩን ያላፈሰሰ ሰው ሲመለስ የተቀደደ ጋን ነው የሚያገኘው። እማሆይ ተርጉሜ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲህ አገራቸው ውሃ አይቸግርማ» አሉ።

እኔ ግን ትምህርቱን ይዤ ቀረሁ። የቀረሁትም በከፊል ነው፤ ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ስንሄድ እኛ ልጆቻቸው ስንመጣ የምናርፍባት የጓሮዋ ቤት ውስጥ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አስገጠምኩ። እማሆይ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ እስከ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ከመንከራተት እዚሁ በሙቅ ውሃ ይታጠቡ ብዬ ነው። እሳቸው የመብራት ነገር ስለሚያስፈራቸው እኛ ከሌለን ማብሪያውን አይነኩም። ቦይለሩ በእኛ ጉዞ ይሠራል፤ ስንመለስ ሥራ ይፈታል።

ልንመለስ ስንል ታዲያ የፈረንጁ ነገር ትዝ አለኝና የታችኛውን መክፈቻ ከፍቼ 50 ሊትሩን በሙሉ ወደ ጓሮ ለቀቅኩት። እማሆይ ደጃፍ ቆመው አዩኝ። እስክንሄድ ድረስ ቃል አልወጣቸውም፤ ስሰናበታቸው ብቻ፣

«ስማ ልጄ፣ ያን ውሃ ማን ያመጣው ይመስልሃል?» አሉኝ።

ቧንቧዋ የምትመጣው በፈረቃ ነው። ተራዋ ባለፈ ጊዜ በጀሪካን ነው የሚቀዳው። 50 ሊትር ማለት ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው፤ አንዲት ልጅ ጀርባዋን አጉብጣ ሁለት ሦስት ጊዜ የምትመላለስበት። እማሆይ ደግሞ የስማዳ ልጅ ናቸው። ወገዳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አገሩ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይንደረደራል፣ ወንዙ እግራችሁ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ልጠጣው ብትሉ ግን ውረዱ ውጡ ነው። እማሆይ በልጅነታቸው በእንስራ ያን ዳገት የወጡ ሴት ናቸው። እሳቸው ፊት ውሃ ደፋሁ!

ቀጣዩ ጉዞ ጥር 2012 ነበር። ገና እንደ ገባን ባለቤቴ «ልጆቹ በርዷቸዋል» ብላ የቦይለሩን ማብሪያ ተጫነችው። ባዶ መሆኑን ለማን ነግሬ! ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል። ንፋስ መውጫ ውስጥ በልኩ የሚሆን ስላልተገኘ ከባሕር ዳር ሰው ለምነን አስመጣን። ልጆቹ በዚያ ሁሉ መሃል የታጠቡት በድስት በተፈላ ውሃ ነው።

ሊጠግን የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ የእስቴ ልጅ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ። እስቴም በጉና ሌላ ወገን ስለሆነች ብርዱን አሳምሮ ያውቀዋል። ርብም ጉማራም ከጉና ነው የሚነሡት፤ «እኛ ውሃን ስናየው ነው ያደግን» እያለ ይቀልዳል። የተቃጠለውን አውጥቶ እያሳየኝ፣

«ጋሼ፣ ባዶ ድስት እሳት ላይ ይጥዳሉ?» አለኝ።

«ውርጩ እንዳይሰነጥቀው ብዬ ነው» አልኩት።

ሳቀ። የጋይንት ውርጭ ደጅ ያለውን ሣርና የገንዳ ውሃ ፊት ይነካል እንጂ፣ ግድግዳ ውስጥ ሽፋን ለብሶ የተቀመጠ 50 ሊትር በአንድ ሌሊት አያረጋም፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሁሉም ይለቃል። (የመኪና ራዲያተር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ደጅ ያድራልና አንቱፍሪዝ አይርሳው።) እንዲያውም ባዶ ማድረግ የራሱ ጣጣ አለው። ጋኑ ፈጽሞ አይደርቅም፤ ሥሩ ላይ እርጥበት ይቀራል፣ አየር ይገባል፣ አየርና እርጥበት ሲገናኙ ደግሞ ብረት ይዝጋል። ዝገቱ ጋኑን እንዳይበላ ውስጡ የሚገባለት የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ግን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው።

ታዲያ ሞልቶ ይቀመጥ? እሱም ቢሆን ሲረዝም ደግ አይደለም። ውሃው ወራት ከተኛ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ያድሩበታል፤ ከማግኒዥየሙ ጋር ሲገናኙ የገማ እንቁላል ሽታ ያመጣሉ። የከፋው ሊጂዮኔላ የሚባለው ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ፣ አሜሪካ፣ ሆቴል ውስጥ ለስብሰባ በመጡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በወረደው የሳምባ በሽታ ነው ስሙ የወጣለት። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይመቸዋል፤ 60 ሲያልፍ ይሞታል። የሚይዘው በመጠጣት ሳይሆን ከሻወር የሚነሣውን ጤዛ በመተንፈስ ሲሆን ሽማግሌና አሮጊት ላይ ይበረታል። ይህን ከአንድ ሐኪም ወዳጄ ስሰማ የታዩኝ እማሆይና ጉልበታቸው ናቸው።

እናም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ተስማማን። ለወር ለሁለት ወር ከሆነ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፣ ውሃው እንዳለ ይቆያል፤ ስንመለስ ከ60 ዲግሪ በላይ አሙቀን አሳድረን፣ መስኮት ከፍተን፣ የመጀመሪያውን ውሃ በባልዲ እንቀዳለን እንጂ ሻወር ሥር አንቆምም። የእስቴው ልጅ ለእማሆይም መክፈቻውን አሳያቸው። ከላይ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ካልተከፈተለት አየር ስለማያገኝ እንደማይወርድ ጭምር።

ይህች ትምህርት ምን እንደምትሆን ማናችንም አላሰብንም። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገባ። የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን በያዙባቸው ቀናት ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ቧንቧም ደረቀ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልኬን ይዤ ነበር የምነጋው። በኋላ እንደሰማሁት እማሆይ በር ዘግተው፣ ከጎረቤት የተጠጉባቸውን ሁለት ሴቶችና ሕፃን ይዘው፣ ግንቦት ላይ የተውነውን 50 ሊትር በጣሳ በጣሳ እየቀዱ፣ በእንጨት እያፈሉ ነበር የጠጡት። ውሃ ልቅዳ ብሎ ደጅ የወጣ ከመካከላቸው የለም።

ጥር 2014 ስሄድ ስለ ቦይለሩ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሳቸው ናቸው ያነሡት። «ያኔ እንደ መጀመሪያው ደፍተኸው ቢሆን ኖሮስ?» አሉኝ። ምን መልስ አለኝ!

ጥር 2015 ለጥምቀት ደርሰን ስንመለስ ለነሐሴ እንመጣለን ብለን ሞልተን ተውነው። በዚያው ክረምት በክልሉ ግጭት ተነሣና መንገዱ ጠፋ። ነሐሴ አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ሌላም ጥምቀት አለፈ። በስልክ ስንገናኝ እማሆይ «ያ ውሃ አለ፣ አልነካሁትም» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ስለ ባክቴሪያ ላስረዳቸው እሞክራለሁ። የጉዞውን ቀን የማያውቅ ሰው ቦይለሩን ያፍስስ ወይስ አያፍስስ፣ ይህን የሚነግር መመሪያ ወረቀት እስካሁን አላየሁም።

የደረስኩት ሚያዝያ 2017 ነው፣ ብቻዬን፣ በባሕር ዳር በኩል። እማሆይ ከስተዋል፤ በምርኩዝ ነው የተቀበሉኝ። ሻንጣዬን ሳልፈታ መክፈቻውን ከፈትኩ። መጀመሪያ የወጣው ቡናማ ነበር፤ የገማ እንቁላል ሽታው ሁለታችንንም አፍንጫችንን አስያዘን። ባልዲውን አንሥቼ ወደ ጓሮው ቦይ ስዞር እማሆይ በምርኩዛቸው መንገዴን ዘጉት።

«ጌሾው ሥር!» አሉኝ። «ጌሾው ሥር አፍስሰው፤ ጌሾ አፍንጫ የለው!»