ሞላሌ፦ ከተራራው ሩጫ በፊት ያለችው ሳምንት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ሐሳቡ ሁሉ በዋሻው ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራውን ያን ዋሻ በመኪና መብራት ያቋርጥና ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ከብርዱም ይገላገላል። በስተግራ የሚታጠፈውን የመንዝ መንገድ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እኛ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የያዝነው ይህንኑ መንገድ ነበር። መዘዞን አልፈን፣ ግራና ቀኝ የገብስ ማሳና የድንጋይ ካብ እያየን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ሞላሌ ገባን። (ከዚያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ዛሬ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።)

አብረውን የነበሩት ሁለት ወንድማማቾችና ታናሽ እህታቸው ናቸው። ነዋሪነታቸው ደብረ ብርሃን ሲሆን ከስምንት ቀን በኋላ ስድሳ ኪሎ ሜትር የሚሆን የተራራ ሩጫ ይጠብቃቸው ነበር። ውድ አንባቢያን፣ «አልትራ ማራቶን» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከማራቶን ርቀት፣ ማለትም ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚበልጥ ሩጫ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል የሚደረገው ኮምሬድስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በአውሮፓ የሞንት ብላንክን ተራራ የሚዞረው ሩጫ ደግሞ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ምድር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ዳገቱ ብቻ ተደምሮ 10,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከነዚህ ጋር ሲተያይ የልጆቹ ርቀት ትንሽ ነው። እናታቸው ግን እንደዚያ አላዩትም።

እናታቸው የይፋት ተወላጅ ናቸው። አባታቸው በዘመናቸው ጨውና ጥጥ በአህያ ጭነው ያንን ገደል የመሰለ ዳገት ወጥተው፣ ከመንዝ ገበያ ገብስና ባና ይዘው ይመለሱ እንደነበር አጫውተውናል። ተራራን የማያውቁ ሰው አይደሉም፤ የፈሩትም ስለሚያውቁት ነው። ለእኛ የሰጡን አማና አንድ ነበር። ልጆቹ የሩጫውን ዕቃ ሁሉ ተሸክመው ብርድ ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ይሞክሩት፣ የጎደለውንም እዩላቸው አሉን። ሞላሌን የመረጡልን እሳቸው ናቸው።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ቆላ የለመደ ሰው እዚህ ቁጭ ብድግ ሲል እንኳ ልቡ ይመታል። ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፤ የመንዝ እናቶች ይህንን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። በጥር ሌሊት አመዳይ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። ጧት የወጣችው ፀሐይ ደግሞ ፊት ታቃጥላለች። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ማለት ይቻላል።

ከሩጫ በፊት ስላለችው የመጨረሻ ሳምንት ብዙ ወጣቶች የተሳሳተ ግምት አላቸው። ወራት ሙሉ ያልሠሩትን በስድስት ቀን ሊያካክሱ ይነሣሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከባድ ልምምድ የሚሰጠው ጥንካሬ የሚታየው ሰውነት ካረፈ በኋላ፣ ከአሥር ቀን ያላነሰ ጊዜ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በዚህች ሳምንት የሚሮጥ ረጅም ሩጫ የሚጨምረው ድካምን ብቻ ነው። የሚሻለው ርቀቱን ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ፣ እግር እንዳይደነዝዝ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጠን ብሎ መሮጥ ነው። እንቅልፍም ቢሆን በዋዜማው ሌሊት ሐሳብ ስለሚበዛ እምብዛም አይመጣም። የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች የተተኛው ነው። ታላቅየው ይህንን ሲሰማ ፊቱ ጨለመ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ከሩጫው ይልቅ የከበደው ይመስላል።

ጫማን በተመለከተ የሰሜን ሸዋ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በለመደው ሮጠ። ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሱት ባዶ እግሩን ነው፤ ለእኛ ግን ቁም ነገሩ «በለመደው» የሚለው ቃል ላይ ነው። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ፣ አዲስ መጠጥ በሩጫው ቀን አይጀመርም። የእግር ጥፍር ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይቆረጣል፤ አለበለዚያ ቁልቁለት ላይ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ጭን ያደቃል። ሰው የሚማረረው በዳገት ቢሆንም በማግሥቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው በቁልቁለቱ ምክንያት ነው።

እናታቸው በሶ አዘጋጅተው ነበር፤ ተቆልቶ የተፈጨ ንጹሕ የገብስ በሶ። ውጭ አገር በውድ ዋጋ በትንንሽ ላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው የሯጮች ምግብ ከበሶ ያን ያህል የራቀ አይደለም። አንድ ሯጭ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ቢያገኝ ይበቃዋል። ሆድ እንዲለምደው ግን አስቀድሞ በልምምድ ላይ መሞከር አለበት። ውኃ ሲበዛም ይጎዳል። ላቡን በባዶ ውኃ ብቻ የሚተካ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይሟሽሽና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲከፋም ራስን መሳት ይመጣበታል። ስለዚህ በሶው ውስጥ ጨው ገባ። ታናሺቱ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ነገር ግን ጠጣችው።

ሰላትም አስቀድሞ የሚታሰብ ነገር ነው። ስድሳ ኪሎ ሜትር በተራራ ላይ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ዙህር በመንገድ ላይ መግባቱ አይቀርም። ልጆቹ በካርታው ላይ ውኃ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች ቆጥረው የት እንደሚቆሙ ወስነው ነበር። መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ወደ ሁለት ረከዓ ማሳጠር እንደተፈቀደለት የታወቀ ነው። ሱብሒ ላይ ውኃው በረዶ ሆኖ ጉዳት የሚያስፈራ ከሆነና ማሞቂያ ከሌለ ተየሙም አለ። በሞላሌ ግን እንግዳ ያሳደሩን ሰዎች፣ እምነታችን የተለያየ ቢሆንም፣ ከንጋት በፊት እሳት አንድደው ውኃ አሙቀው ሰጡን። ጠይቀናቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ታላቅየው ከአንድ ሱቅ ሚዛን ለምኖ ቦርሳውን መዘነ። ከዚያም የግንባር ባትሪውን፣ ፊሽካውን፣ ስስ የሆነውን የሚያብረቀርቅ የነፍስ አድን ብርድ ልብስ፣ ውኃውንና ስንቁን ካየ በኋላ ጃኬቱን አውጥቶ ለብቻው አስቀመጠው። ውኃና ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ አይበልጥም። ወሩ ጥር ነው፣ ዝናብ የለም፣ በስድሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል አለ። ሐሳቡ ፍጹም መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ፀሐዩም ከእሱ ጋር ነበር።

ያን ጊዜ የነገርነው በቻይና የሆነውን ነው። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ ባይዪን በምትባል ከተማ አካባቢ 172 ሰዎች የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ጀመሩ። ብዙዎቹ አጭር ሱሪና ስስ ካናቴራ ነበር የለበሱት። የነፋስ መከላከያ ጃኬት በግዴታ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቀትር አካባቢ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሳሉ በረዶ፣ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ በአንድ ላይ ወረደባቸው። 21 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ሊያንግ ጂንግ በአገሩ በረጅም ሩጫ ስመ ጥር የነበረ ሰው ነው፤ ጉልበቱ አላዳነውም። የደከመ፣ የረጠበና ነፋስ የሚመታው ሰውነት ሙቀቱን የሚያጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል፣ ንግግሩ ይጎተታል። መንቀጥቀጡ ያቆመ ጊዜ አደጋው ባሰ ማለት ነው እንጂ ሰውየው ሞቀው ማለት አይደለም። ይህንን ምልክት አብሮ የሚሮጥ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ በሽተኛው ራሱ አያውቀውምና።

በዚያ ቀን ዡ ከሚንግ የሚባል በግ ጠባቂ ከዝናቡ ተጠልሎ በአንድ ዋሻ ውስጥ ነበር። ለክፉ ቀን ልብስና ምግብ የሚያኖርበት ዋሻ ነው። በብርድ የደነዘዙትን ሯጮች ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ ስድስት ሰዎችን አተረፈ።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማን። ጃኬቱን ግን አልመለሰም።

ከቀትር በኋላ ከከተማዋ ወጥተን ይፋት ቁልቁል ወደሚታይበት ወደ ምሥራቁ ጫፍ ሄድን። ሦስቱ በቀስታ እየሮጡ፣ እኛ ከኋላ እየተራመድን ነበር። ጫፉ ላይ አንድ አዛውንት በጎቻቸውን ይጠብቃሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሳቸው ግን ጥቁር የሱፍ በርኖስ ደርበዋል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ታናሺቱ አላስቻላትም።

«አባባ፣ በዚህ ፀሐይ በርኖሱ አይከብድዎትም?»

«ጉሙ ሲመጣ ቤት ሄጄ ላመጣው ነው እንዴ ልጄ?» አሏት።

የመንዝ ሰው ከብርድና ከዝናብ ጋር የቆየ ውል አለው። ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ይሠራል፤ ከጓሳ ሣር ደግሞ ገሳ፣ ማለትም እረኛ በክረምት የሚደርበውን የዝናብ መከላከያ። ሣሩ የሚበቅለው ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው የጓሳ ምድር ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ጅብራ የቆመበት ሰፊ ሜዳ። ነዋሪው ይህን ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢናጋም በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። የዝናብ ልብሱን ገና በሣርነቱ የሚጠብቅ ሕዝብ በርኖሱን ቤት ትቶ አይወጣም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጉሙ መጣ። ከታች ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየታከከ ወጣና ፀሐዩን ጋረደው። በጎቹ ከዓይን ጠፉ። ነፋሱ ያላበውን ጀርባ ሲነካው ታላቅየው ትከሻውን ሰበሰበ። አዛውንቱ በርኖሳቸውን ገልጠው ግማሹን ሊያለብሱት ሲሉ አፍሮ ፈገግ አለ። ወንድሙና እህቱ በዚህ ጊዜ ጃኬታቸውን እያወጡ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ነገር ታየ። የታናሺቱ ጣቶች ደንዝዘው የጃኬቱን ዚፕ ሊይዙላት አልቻሉም። ያችን ትንሽ ብረት ቆንጥጦ መሳብ ቤት ውስጥ ቀላል ነው፤ እዚያ ግን ወንድሟ በጥርሱ ሳበላት። የራስ መሸፈኛዋም ላብ ይዞ ቀዝቅዞባት ነበር፤ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ጨርቅ እንደሚያስፈልጋት፣ መለወጫ የሚሆን ሁለተኛም በቦርሳዋ መኖር እንዳለበት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ማታ ቦርሳዎቹ እንደገና ተመዘኑ። የታላቅየው ቦርሳ ከቀኑ ይልቅ ከብዶ ነበር፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀውም።

ደብረ ብርሃን ስንመለስ ያየነውን ሁሉ ለእናታቸው ነገርናቸው። በማግሥቱ በሦስቱም ጃኬቶች ዚፕ ላይ በደነዘዘ እጅ የሚያዝ ወፍራም ክር አሰሩበት፤ የታላቅየውንም ጃኬት ራሳቸው አጥፈው ቦርሳው ውስጥ ከላይ አደረጉት። የቀረው ሳምንት በእንቅልፍ፣ በጥቂት ሶምሶማና በጁምዓ ሰላት አለፈ። ሩጫውን አልሐምዱሊላህ ሦስቱም ጨረሱ። ጃኬቷን ያወጣችው ታናሺቱ ብቻ ነበረች፤ ወንድሞቿ የእነሱን እናታቸው እንዳጠፉላቸው መለሱት።