ከሃይላንድ ወደ ጀሪካን

ደሴ ላይ ቀሪቦ እየሠራች የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ለዓመታት ሥራዋ ሁሉ በሃይላንድ ነበር። ገብሱን እስኪጠቁር ትቆላለች፣ ታፈላለች፣ አጥልላ ስኳርና እርሾ ትጨምራለች፤ ከዚያ የሰበሰበችውን የውሃ ፕላስቲክ አጥባ ትሞላለች። ለሱቅ ይመቻል። ሒሳቡም በፍሬ ስለሚቆጠር አያምታታም።

ጣጣው ሐረጎን ሲወርድ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በደሴ ብርድ እርሾ ይለግማል። አረፋው ጋብ ሲል «ደርሷል» ተብሎ ይከደናል እንጂ ስኳሩ ገና አላለቀም። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲነካው እርሾው ይነቃል፣ ጋዙ መውጫ ያጣል። አንዳንዱ ሰው ከፍታው ነው ይላል፤ አይደለም። ቁልቁል ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ፕላስቲኩ እንዲያውም ትንሽ መጨማደድ ነበረበት። እንደ ኳስ የሚነፋው ሙቀቱና ያልተበላው ስኳር ነው።

ክዳን ተፈናጥሮ መጋረጃ ቢያበላሽ ይታጠባል። የከበደው ሌላው ነው። ቀሪቦ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድግስ የሚጋራው መጠጥ ነው፤ ጠላ የማይቀምሰው እንግዳ አምኖ የሚጨልጠው እሱን ነው። እርሾ ግን ጋዝ ብቻ አይሠራም፣ አልኮልም ይሠራል። ሁለት ሦስት ቀን በሙቀት ታሽጎ የከረመ ቀሪቦ ከትናንቱ ቀሪቦ ጋር አንድ አይደለም። ኮምቦልቻ አንድ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ አንዴ ተጎንጭተው ኩባያውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ቀሪቦ ነው?» አሏት። «አዎ አባቴ» አለች። ሌላ አልተናገሩም፣ ኩባያውንም መልሰው አላነሱትም።

ከዚያ ወዲህ ለድግስ በሃይላንድ መላክ ተወች። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ገዛች፤ ማታ ጠምቃ ጠዋት ትሞላና ክዳኑን ግማሽ ዙር ላልቶ እንዲቀመጥ ታደርጋለች። ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል። ሃያ ጠርሙስ ከማጠብ አንድ ዕቃ ማጠብ ይቀላል። ዋናው ግን ጀሪካን ማቆየት አያውቅም። አንዴ ተከፍቶ መቀዳት ከጀመረ አየር ይገባዋል፤ በማግስቱ ይሞታል፣ ይኮመጥጣል። ሃይላንዱ «ለነገ ይቆይ» ያሰኝ ነበር፤ ጀሪካኑ ዛሬውኑ ጠጡኝ ይላል። ለዚህ መጠጥ ደግሞ ትክክሉ እሱ ነው።

የቢራ ፋብሪካ ድራፍት ይህ ችግር የለበትም። በርሜሉ ውስጥ የተቀዳውን ቦታ የሚሞላው አየር ሳይሆን ከሲሊንደር የሚገፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ስለዚህ ጃምቦው በማግስቱም አረፋው አይጠፋም። የቤት ጠማቂ ሲሊንደር ከየት ታመጣለች? የእሷ መላ ትልቁን ጀሪካን በባለ 5 ሊትር መተካት ሆነ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም።

እዚህ ላይ ያልተስማማች አማቷ ነበረች። በእሷ ቤት ጠላ በጠርሙስ ተሸጦ አያውቅም፤ ጋን ነው፣ በወይራ የታጠነ። አባባሏ ልክ ነው። በርሜል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲሱ ጠርሙሱ ነው። ሸክላው በላብ መልክ ውሃ እያስተነፈሰ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ክዳኑም ጋዝ አያፍንም። ግን ጋን ባጃጅ ላይ አይጫንም፤ ቢጫንም ሐረጎን በደህና አይወርድም።

ጀሪካኑ የራሱ ነውር አለው። ብዙው የዘይት ነው፤ የቀረች የዘይት ጠብታ አረፋውን ታጠፋዋለች፣ ሽታዋም በሙቅ ውሃና በአመድ ቢፈተግ ቶሎ አይለቅም። ይሄ ቀላሉ ነው። ገበያ ላይ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ፣ የቀለም ወይም የኬሚካል ዕቃ ታጥቦ ለመጠጥ ሲሸጥ ሻጩን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ደጋሽ ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት «ዕቃው የምን ነበር?» ቢል አያሳፍርም። እሷ አዲስ ዕቃ ትገዛለች፤ ወጪው ትርፏን በልቶባታል፣ የጠርሙስ ደንበኞቿንም ሱቆቹ ለሌላ ሰጥተውባታል።

የሠርጉ ትእዛዝ ግን ተመልሷል። አሁን የሚያማርረው ሹፌሩ ነው፦ ክዳኑ ስለሚላላ የመኪናው ወለል ኮምቦልቻ እስኪደርስ ይጣበቃል። እሷም ከጀሪካኖቹ ሥር የሚነጠፍ ማዳበሪያ ጨምራ ትልክለታለች።